ጎማው ሲያድግ ዲፈረንሻሉስ? ለፒካፕ ባለቤቶች የምጥጥን አመራረጥ መመሪያ

ትልቅ ጎማ የገጠመ ሃይሉክስ ከሩቅ ያምራል። ቁመናው ከፍ ይላል፣ ጭቃ አይፈራም፣ ድንጋይ አይመርጥም። ጣጣው የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው። በአራተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው ዳገት ሦስተኛ ይጠይቃል፤ አምስተኛ ማርሽ ሜዳ ካልተገኘ አይገባም፤ መኪናው ጭነት ይዞ ከቆመበት ሲነሣ የፍሪሲዮን ሽታ ይመጣል። ባለቤቱ የናፍጣ መርጫ አፍንጫውን ያስፈትሻል፣ የናፍጣ ማጣሪያ ይቀይራል፣ በመጨረሻም «ሞተሩ ደክሟል» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሞተሩ ግን ምንም አልሆነም። ጎማው አድጎ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ዙር ቀንሶ ለጎማዎቹ የሚያካፍለው የማርሽ ስብስብ፣ እንደነበረ ስለቀረ፣ እያንዳንዱ ማርሽ ከቀድሞው ከብዶበታል።

መፍትሔው ዲፈረንሻሉን ከአዲሱ ጎማ ጋር ማስማማት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ እርሳስና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃዋል። አስቸጋሪው ምርጫው ነው። ስሌቱ የሚመልሰው የጎማው ቁመት የወሰደውን ጉልበት ብቻ ነውና፣ ክብደቱን፣ ጭነቱንና ከፍታውን አያውቅም። እነዚያን የሚጨምሩት እርስዎ ነዎት። ከተቻለ ደግሞ ይህን ሁሉ ጎማውን ከመግዛትዎ በፊት ያስሉት፤ የዲፈረንሻሉ ወጪ ሲደመር ሐሳባቸውን ቀይረው በመጠነኛ ጎማ የሚረኩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፣ ብልሆችም ናቸው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ፣ መካኒኮች ትራስሚሲዮን የሚሉት፣ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን ፒኞን ያዞራል። ፒኞኑ ትንሹ ማርሽ ነው፤ እርሱ በተራው ኮሮናውን፣ ማለትም ትልቁን ክብ ማርሽ ያዞራል። የኮሮናውን ጥርሶች ብዛት ለፒኞኑ ጥርሶች ብዛት ሲያካፍሉ የዲፈረንሻሉን ምጥጥን ያገኛሉ። ኮሮናው 43፣ ፒኞኑ 11 ጥርስ ካላቸው 43 ÷ 11 = 3.909 ነው፤ ትራስሚሲዮኑ 3.909 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል።

ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መኪናው ዳገት ይወዳል፣ ሞተሩ ግን በዚያው ፍጥነት ብዙ ይዞራል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ሞተሩ በረጅም ሜዳ ላይ ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ግን ይጨነቃል። ከመካኒክም ሆነ ከመለዋወጫ ሻጭ ጋር ሲነጋገሩ «ፈጣኑን»፣ «ከባዱን» ከማለት ይልቅ የጥርሱን ቁጥር ይጥሩ። አንዱ ፈጣን የሚለውን ሌላው ከባድ ሊለው ይችላል፤ 41 በ10 ግን ለሁሉም 41 በ10 ነው።

በቶዮታ ፒካፖች ላይ በብዛት የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው፦

43 ÷ 12 = 3.583
41 ÷ 11 = 3.727
43 ÷ 11 = 3.909
41 ÷ 10 = 4.100
43 ÷ 10 = 4.300
41 ÷ 9 = 4.556
39 ÷ 8 = 4.875

ከፋብሪካው ውጭ ትልልቅ ጎማ ለሚገጥሙ ሰዎች ተብለው ከሚሠሩት መካከል 37 በ7፣ ማለትም 5.286 የታወቀ ነው። ምርጫዎ እንግዲህ ከእነዚህ ጥቂት ቁጥሮች አይወጣም። ስሌቱ 4.18 ቢልዎት 4.18 የሚባል ኮሮናና ፒኞን ገበያ ላይ የለም።

1ኛ ደረጃ፦ አሁን ያለውን ምጥጥን ማወቅ

ሞተሩ ክፍል ውስጥ ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈው የመኪናው መለያ ሰሌዳ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ኮድ ይዟል። ኮዱን ፎቶ አንሥተው ለመለዋወጫ አከፋፋይ ቢያሳዩ ምጥጥኑን ያወጣልዎታል። ነገር ግን ሰሌዳው የሚናገረው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። በእጅ የተገዛ፣ ብዙ ጋራዥ ያየ ፒካፕ ውስጥ ያለው ዲፈረንሻል ዛሬም የመጀመሪያው መሆኑን ሰሌዳው አያረጋግጥም። ስለዚህ በእጅ ይቁጠሩ።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙና የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በእንጨት ያስደግፉ። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሥተው የድጋፍ ብረት ያስገቡበት፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ካምቢዮው ዜሮ ላይ ይሁን፣ ፎር ዊሉ ይውጣ፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። አሁን በተነሣው ጎማ ላይና በትራስሚሲዮኑ ላይ በጠመኔ አንዳንድ ምልክት ያድርጉ። አንድ ሰው ጎማውን በዝግታ 20 ጊዜ ያዙር፤ ሌላው ከጎን ተንበርክኮ የትራስሚሲዮኑን ዙር ይቁጠር።

አንዱ ጎማ መሬት ላይ ቆሞ ሌላው ብቻ ሲዞር ዲፈረንሻሉ ዙሩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የጎማው 20 ዙር ለኮሮናው 10 ዙር ነው። ስለዚህ የትራስሚሲዮኑ ቁጥር 39 እና ትንሽ ከሆነ ምጥጥኑ 3.909፣ 41 ከሆነ 4.10፣ 43 ከሆነ 4.30፣ 45 ተኩል ከሆነ 4.556 ነው። አንድ ሁለት ዙር ብቻ ቆጥረው የሚገምቱ ሰዎች 3.909ን ከ4.10 ጋር የሚያምታቱት ልዩነቱ በአንድ ዙር ውስጥ ስለማይታይ ነው።

የተነሣው ጎማ በቀላሉ አልዞር ካለ ዲፈረንሻሉ መንሸራተትን የሚገድበው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች አንሥተው አብረው በአንድ አቅጣጫ ያዙሯቸው፤ እዚህ ላይ የጎማው አንድ ዙር የኮሮናውም አንድ ዙር ነው፣ ማካፈል አያስፈልግም።

2ኛ ደረጃ፦ የሁለቱን ጎማዎች ቁመት ማስላት

የጎማው ጎን ላይ 265/65 አር 17 የሚል ጽሑፍ አለ እንበል። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ 17 የቸርኬው ቁመት (ዲያሜትር) በኢንች ነው። የጎማው ጎን ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፦

265 × 0.65 × 2 = 344.5
17 × 25.4 = 431.8
ድምሩ 776 ሚሊ ሜትር።

ብዙ ሰው የሚመኘው 285/70 አር 17 በዚሁ መንገድ 399 + 431.8 = 831 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በድሮዎቹ ፒካፖች ላይ የሚታየው 205 አር 16 የጎን ቁጥር አልተጻፈበትም፤ እንዲህ ሲሆን 82 በመቶ ገደማ ብለው ይያዙት፤ ቁመቱ ወደ 742 ሚሊ ሜትር ይመጣል።

ይህ በወረቀት ላይ ነው። ጭነት ያረፈበት ጎማ ከታች ስለሚጨፈለቅ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ከስሌቱ በጥቂቱ ያንሳል፤ ደግሞም ተመሳሳይ ቁጥር የተጻፈባቸው የሁለት ፋብሪካ ጎማዎች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ ያንኑ ጎማ የገጠመ የወዳጅ መኪና ይፈልጉ። ጎማውና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው መኪናውን በቀጥታ ይግፉት፤ ምልክቱ ተመልሶ መሬት ሲነካ ርቀቱን በሜትር ይለኩ። የራስዎንም እንዲሁ። የሁለቱ ርቀት ንጽጽር ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል።

3ኛ ደረጃ፦ ሒሳቡ

አሁን ያለዎትን ምጥጥን በአዲሱ ጎማ ቁመት ያባዙና በአሮጌው ጎማ ቁመት ያካፍሉ፦

3.909 × 831 ÷ 776 = 4.19

መኪናው በአዲሱ ጎማ እንደ ድሮው እንዲሄድ 4.19 ገደማ ያስፈልገዋል ማለት ነው። በዚህ ዙሪያ ያሉት 4.10 እና 4.30 ናቸው። 4.10 ከተፈላጊው በ2 በመቶ ያንሳል፣ 4.30 ደግሞ በ3 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በወረቀት ላይ ሁለቱም ያስኬዳሉ።

ሁለተኛ ምሳሌ እንይ። 205 አር 16 ጎማና 4.30 ዲፈረንሻል ያለው፣ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ አፍኖ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የድሮ ሃይሉክስ 265/75 አር 16 ሊገጠምለት ነው። የአዲሱ ጎማ ቁመት 804 ሚሊ ሜትር ነው፤ 4.30 × 804 ÷ 742 = 4.66። ቅርቦቹ 4.556 እና 4.875 ናቸው። ወደዚህኛው ቆይቼ እመለሳለሁ፤ እዚህ ላይ ቅርቡን ቁጥር መምረጥ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ልዩነቱ ስንት ሲሆን ነው ዲፈረንሻል መቀየር የሚያስፈልገው? በእኔ አስተያየት የጎማው ቁመት እስከ 5 በመቶ ብቻ ካደገ ገንዘብዎን ለጥሩ ጎማ ያውሉት። ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ አለመቀየር ፍሪሲዮኑን ወይም አውቶማቲክ ካምቢዮውን ቀስ በቀስ መግደል ነው። በመካከል ያለው፣ እንደ መጀመሪያው ምሳሌያችን 7 በመቶ የሆነው፣ የሚወሰነው መኪናው በሚውልበት ቦታና በሚጭነው ነገር ነው።

4ኛ ደረጃ፦ የሞተሩን ዙር ማየት

ቁጥሩ ሞተሩ ላይ ምን እንደሚያደርግ እንይ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 1,667 ሜትር ነው። ይህን ለጎማው ዙሪያ፣ ማለትም ቁመቱ በሜትር ተይዞ በ3.1416 ሲባዛ ለሚገኘው ቁጥር ያካፍሉት። ከዚያ በዲፈረንሻሉ ምጥጥንና በመጨረሻው ማርሽ ምጥጥን ያባዙት። አምስተኛ ማርሹ 0.84 የሆነ ካምቢዮ ብንወስድ ውጤቱ እንዲህ ነው፦

በአሮጌው ጎማ፣ 3.909፦ በደቂቃ 2,245 ዙር
በአዲሱ ጎማ፣ 3.909፦ 2,096 ዙር
በአዲሱ ጎማ፣ 4.10፦ 2,199 ዙር
በአዲሱ ጎማ፣ 4.30፦ 2,306 ዙር

ቱርቦ ያለው ናፍጣ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጥበት የዙር ክልል አለው፤ በመኪናው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። መኪናዎ በብዛት በሚሄድበት ፍጥነት የመጨረሻው ማርሽ ከዚያ ክልል በታች የሚወድቅ ከሆነ ትንሽ ዳገት ሲመጣ ሁልጊዜ ማርሽ መቀነስ ይኖርብዎታል። ከላይ ካለፈ ደግሞ ሞተሩ ያለ ጥቅም ይጮኻል።

በፎር ዊሉ ዝቅተኛ ማርሽ ለሚሄዱም ስሌቱ ያው ነው። አንደኛ ማርሽ 4.3፣ ዝቅተኛው የፎር ዊል ማርሽ 2.57፣ ዲፈረንሻሉ 3.909 ቢሆኑ የሦስቱ ብዜት 43 ገደማ ነው። ትልቁ ጎማ ሲገባ ይህ 40 እንደሆነ ይቁጠሩት። 4.30 ሲገባ ወደ 44 ይመለሳል። ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ እግርን ከፍሬን አንሥቶ በሞተር ብቻ ለሚወርድ ሰው ይህ ልዩነት ይሰማል።

5ኛ ደረጃ፦ ስሌቱ የማያውቀውን መጨመር

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ ጎማውን እንደ ክብ ወረቀት ያየዋል። እውነተኛው ጎማ ግን ከባድ ነው፤ ወፍራም ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ከፋብሪካው ጎማ በአንድ እግር 5 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊከብድ ይችላል፤ ክብደቱም ዳር ላይ ስለሆነ ከቆመበት ለማስነሣትና ለማቆም የበለጠ ጉልበት ይፈጃል። ሰፊ ስለሆነ መሬቱን የበለጠ ይይዛል፣ መኪናው ከፍ ስለሚል ነፋሱን የበለጠ ይገፋል። ከዚያ ላይ የፊት መከላከያ ብረት፣ የጣሪያ ዕቃ መጫኛ፣ ተጨማሪ ጄሪካን ይመጣል። ስሌቱ 4.19 ያለው እነዚህ ሁሉ ዜሮ ናቸው ብሎ ነው።

ቀጥሎ ከፍታው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በጣም የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ከአምስት አንዱን ያህል ያጣል፤ ጣርማበር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲደርስ ከዚያም ይብሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉዳቱ ይቀንስለታል፣ ነገር ግን ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ባለው ዝቅተኛ ዙር እርሱም እንደሌላው ይደክማል። ትልቅ ጎማ ደግሞ ሞተሩን የሚያስቀምጠው በትክክል በዚያ ዝቅተኛ ዙር ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ምሳሌያችን እንመለስ። ስሌቱ 4.66 አለ፣ ቅርቡ 4.556 ነው። መኪናው ቱርቦ የለውም፣ ደጋ ላይ ይውላል፣ ጤፍና ሲሚንቶ ይጭናል። እኔ 4.875 እመርጣለሁ። ሜዳ ላይ ሞተሩ ትንሽ ይጮኻል፤ ይጩኽ። በሰዓት 80 የሚሄድ የጭነት ፒካፕ ጩኸቱ ብዙም አያስጨንቅም፤ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ መጎተት ግን ሞተሩንም ሾፌሩንም ይጎዳል። በተቃራኒው የመጀመሪያው ምሳሌያችን መኪና ቱርቦ ያለው ሆኖ፣ ባዶውን፣ በብዛት በአዲስ አበባና በአዳማ መካከል ባለው ፈጣን መንገድ የሚመላለስ ከሆነ 4.10 ይበቃዋል። ያው መኪና ሳምንቱን ሙሉ ጭኖ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚል ከሆነ 4.30 ይሁን። ባጭሩ፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል ሲያመነቱ ጭነት፣ ዳገትና ከፍታ ካሉ ወደ ትልቁ ያዘንብሉ።

ስለ ቁልቁለትም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ወደ ደጀንም ያንኑ ያህል ይወጣል። እንዲህ ያለ ቁልቁለት የሚወረደው በሞተር መያዝ ነው። ትልቅ ጎማ ይህን መያዝ ያላላዋል፤ ትክክለኛው ዲፈረንሻል ይመልሰዋል። የእግር ፍሬኑን ግን ምንም ዓይነት ዲፈረንሻል አይረዳውም። የጎማው ቁመት በ7 በመቶ ሲያድግ ፍሬኑ ያንኑ ያህል የበለጠ መጨበጥ አለበት። ስለዚህ ከዲፈረንሻሉ ጋር የፍሬን ሸራውንና ዲስኩን ያስፈትሹ።

በአሜሪካ ለሚኖሩና የቶዮታውን ፒካፕ ታኮማን ለሚነዱ አንባቢዎች ነገሩ መልኩን ይቀይራል። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2023 ሞዴል የሆነው ባለ 6 ሲሊንደር አውቶማቲክ ታኮማ 3.909 ዲፈረንሻል አለው፤ ስድስተኛ ማርሹ ግን 0.6 እንኳ አይሞላም። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ በፋብሪካው ጎማ 1,700 ዙር ገደማ፣ በ285/70 አር 17 ደግሞ ወደ 1,600 ዙር ይወርዳል። የቤንዚን ሞተር በዚህ ዙር ያን ያህል ክብደት ሊገፋ አይችልም፤ ካምቢዮው ስድስተኛና አምስተኛ ላይ ሲመላለስ ይውላል፣ ዘይቱም ይሞቃል። ለዚህ ነው ስሌቱ 4.19 እያለ ብዙዎች 4.56 ወይም 4.88 የሚያስገቡት፤ በ4.88 ሞተሩ 2,000 ዙር ገደማ ላይ ይቀመጣል። በ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ዴንቨር ለሚኖር ሰው ይህ የበለጠ ይገባዋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለሁሉም አውቶማቲክ መኪና ይሠራል፦ የመጨረሻው ማርሽ ምጥጥን በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ ከስሌቱ አንድ ደረጃ ይለፉ።

መጠንቀቅ ያለብዎት በሌላው ጫፍ ነው። ምጥጥኑ ባደገ ቁጥር ፒኞኑ ይቀጥናል፣ ጥርሶቹም ያንሳሉ፤ 11 ጥርስ ያለው ፒኞን የሚሸከመውን 7 ጥርስ ያለው አይሸከምም። 5.286 በተለይ በፊተኛው ትንሽ ዲፈረንሻል ላይ፣ በድንጋይ መካከል ጋዝ ለሚረግጥ እግር አይመከርም።

6ኛ ደረጃ፦ የፊተኛውን አለመርሳት

ፎር ዊል ያለው ፒካፕ ሁለት ዲፈረንሻል አለው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ምጥጥን ሊኖራቸው ይገባል። ጥርሱ የግድ እኩል መሆን የለበትም፤ ከኋላ 41 በ10፣ ከፊት 37 በ9 ቢሆን 4.10 እና 4.11 ስለሆኑ ችግር አይፈጥርም። ከኋላ 4.10 ከፊት 3.909 ከሆነ ግን ልዩነቱ 5 በመቶ ነው። ፎር ዊሉ ሲገባ የፊቱና የኋላው ጎማ በተለያየ ፍጥነት ልሂድ ይላሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት አይታወቅም፤ ደረቅ መሬት ላይ ግን መኪናው ይያያዛል፣ የፎር ዊሉ ማከፋፈያ ይጨነቃል፣ በመጨረሻም የሆነ ነገር ይሰበራል። ፎር ዊሉን ለጊዜው አልጠቀምም ብሎ የኋላውን ብቻ መቀየር መኪናው ለሌላ ሾፌር የተሰጠ ዕለት የሚፈነዳ ወጥመድ መተው ነው። ለፊትም ለኋላም የማይገኝ ምጥጥን ከሆነ ሌላ ይምረጡ። በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ፒካፕ ያለው ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ወጪው በግማሽ ይቀንስለታል።

7ኛ ደረጃ፦ ዕቃውን መግዛት

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አዲስ ኮሮናና ፒኞን ገዝቶ በራስዎ ዲፈረንሻል ውስጥ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ከሌላ መኪና የወጣ፣ የሚፈልጉት ምጥጥን ያለው ሙሉ ዲፈረንሻል ማግኘት ነው። በሃይሉክስ የኋላ ዲፈረንሻሉ ከነቤቱ በፊት በኩል ተፈትቶ እንዳለ ስለሚወጣ ሁለተኛው መንገድ ይመቻል፤ የጎን ዘንጎቹ ወደ ውጭ ይሳባሉ፣ ዲፈረንሻሉ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። መርካቶ ሶማሌ ተራ የሚሄዱ ሰዎች የሚፈልጉት አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ነው።

ያገለገለ ዲፈረንሻል ሲገዙ የሻጩን ቃል ሳይሆን ጥርሱን ይመኑ። በኮሮናው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ ከዚያ ኮሮናውን አንድ ሙሉ ዙር እያዞሩ ፒኞኑ ስንት ጊዜ እንደዞረ ያስተያዩ። ጣትዎን በጥርሶቹ ፊት ላይ ያሳልፉት፦ ለስላሳና የሚያበራ መሆን አለበት። የተነቀሰ የሚመስል ጉድጓድ፣ ጫፉ የተሸረፈ ጥርስ ወይም ሰማያዊ የቃጠሎ ቀለም ካለ ይተዉት። ፒኞኑን ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንም ይግፉት፤ የሚነቃነቅ ከሆነ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት የኳስ ወይም የሮለር ቀለበት) አልቋል። የጎን ዘንጎችዎ ጫፍ ላይ ያሉት ጥርሶች ብዛትም ከሚገዙት ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ።

ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ ተፋጭተው የሚወጡ ጥንዶች ናቸው፤ በሁለቱም ላይ ተመሳሳይ መለያ ቁጥር ይቀረጻል። የአንዱን ኮሮና ከሌላው ፒኞን ጋር ማጋባት፣ ጥርሱ ቢገጥም እንኳ፣ ጩኸትን መግዛት ነው። በአንዳንድ የአሜሪካ መኪናዎች ላይ ደግሞ ምጥጥኑ ከተወሰነ ቁጥር ካለፈ ኮሮናውን የሚሸከመው ቤትም አብሮ መቀየር አለበት፤ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።

8ኛ ደረጃ፦ ማስገጠም

ሙሉ ዲፈረንሻል መቀየር ደህና መካኒክ ያለው ጋራዥ ሁሉ የሚሠራው ነው። አዲስ ኮሮናና ፒኞን ማስገባት ግን ሌላ ሙያ ነው፤ በየመንደሩ አይገኝም። መካኒኩን በሥራው ሊመዝኑት የሚችሉባቸው ነገሮች አሉ። ኮሮናው ከፒኞኑ ጋር ያለውን ልቅነት፣ ጁኮ የሚሉትን፣ በእጁ ነቅንቆ «ይበቃል» የሚል ከሆነ አመስግነው ይውጡ። ልቅነቱ የሚለካው በመርፌ መለኪያ ነው፤ በብዙ የቶዮታ የኋላ ዲፈረንሻሎች የሚፈለገው ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ብዙም የማይበልጥ ነገር በእጅ አይለካም።

ሁለተኛው ምልክት ቀለም ነው። ጥሩ መካኒክ ጥቂት ጥርሶችን ቀለም ቀብቶ ያዞርና ፒኞኑ ቀለሙን የቱ ላይ እንደጠረገው ያያል። አሻራው በጥርሱ መሐል መቀመጥ አለበት። ወደ ጥርሱ ጫፍ ከሸሸ ወይም ሥሩ ውስጥ ከተቀበረ ፒኞኑ ከኮሮናው ርቋል ወይም ተጠግቷል ማለት ነው፤ ስስ የብረት ቀለበት እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ያስተካክለዋል፣ እንደገና ፈትቶ፣ እንደገና ገጥሞ። ሥራው ቀን የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው። ኩሽኔታዎቹና የዘይት መያዣ ጎሚኒዎቹ በዚያው አዲስ ይሁኑ፤ ያንኑ ለመቀየር ብቻ ተመልሶ ሁሉንም መፍታት ያስቆጫል።

ፍጥነት መለኪያው ሁለት ዓይነት ነው። በድሮዎቹ መኪናዎች ፍጥነቱ የሚነበበው ከካምቢዮው መውጫ ስለሆነ ዲፈረንሻሉ ሲስተካከል መለኪያውም ወደ ትክክሉ ይመለሳል። ፍጥነቱን ከጎማዎቹ በሚያነቡት አዲሶቹ ላይ ዲፈረንሻሉ ምንም አይለውጥም፤ ጎማው በ7 በመቶ ካደገ መለኪያው 100 ሲል እርስዎ 107 እየሄዱ ነው፤ ይህ በኮምፒውተር መስተካከል አለበት። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም እንዲሁ ይቀንሳል። ትልቅ ጎማ አስገብተው «ነዳጅ ጨመረብኝ» ከሚሉት መካከል አንዳንዶቹ ያልጨመረ ነዳጅ ነው የሚያማርሩት፤ ቆጣሪው 500 ሲል መኪናው 535 ሄዷል።

9ኛ ደረጃ፦ አዲሱን ማርሽ ማለማመድ

አዲስ ኮሮናና ፒኞን ተፋጭተው እስኪለማመዱ ድረስ በጣም ይሞቃሉ። በመጀመሪያው ቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቀስታ ይንዱና አቁመው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት፤ ይህን ጥቂት ጊዜ ይድገሙት። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ከባድ ጭነት አይጫን፣ ሌላ መኪና አይጎተት፣ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት አይነዳ። ከዚያ ዘይቱ ይፍሰስ። የሚገባው ጂኤል-5 ደረጃ ያለው የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ ውፍረቱን ከመኪናው መጽሐፍ ይውሰዱ። በማፍሰሻው ቡሎን ላይ ባለው ማግኔት የተጠራቀመ ግራጫ ለጥ ያለ ቅባት ጤናማ ነው። በጣት የሚያዝ ስብርባሪ ከተገኘ መኪናው ወዲያው ወደ ገጠመው ሰው ይመለስ።

ጆሮም ይሠራል። ጋዝ ሲረገጥ ብቻ የሚያፏጭ፣ ወይም ጋዝ ሲለቀቅ ብቻ የሚያፏጭ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የጥርሶቹ አቀማመጥ ነው። ጋዝ ቢረገጥም ቢለቀቅም ሳይለወጥ የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታ ይጠርጠር።

የፊተኛው ዲፈረንሻል ፎር ዊሉ ካልገባ ጭነት ስለማያይ በራሱ አይለማመድም። ስለዚህ በእነዚያ 800 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ጠጠር ወይም አቧራማ መንገድ ሲያገኙ ፎር ዊሉን አስገብተው በዝግታ ጥቂት ጊዜ ይንዱ፤ የኋላው ዘይት ሲቀየር የፊተኛውም አብሮ ይቀየር።